ቤት እያለው ሆቴል

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ኢድሪስ ሰቆጣ ገብቶ ሆቴል ማደሩን አገሩ ሁሉ ተቀባብሎት ሲያበቃ ነው እህቱ ሐሊሜ የሰማችው። ያውም ከክብሪት ገዢ። ጠዋት ሱቋን ከፍታ የጨው ሚዛኗን እየወለወለች ሳለ ጎረቤቷ እማዋይሽ ብቅ አለችና ክብሪት ጠየቀች፤ ክብሪቱን ተቀበለች፣ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፣ መሄድ ሲገባት ግን አልሄድ አለች። መቀነቷን ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ነገር የያዘች ሴት እንዲህ ናት። «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ወንድምሽ መጣ አሉ» አለች በመጨረሻ። «ግን ምነው ሆቴል አደረ? ከእናታችሁ ጋር ተኳርፎ ነው?» ሐሊሜ የያዘችውን ጨርቅ ጨመደደችው። እሷ እንደሆነች የደረሳት ወሬ «ይደርሳል» የሚል ብቻ ስለነበረ፣ መኪናው ኮረም ላይ ተበላሽቶ ነው ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ሹፌሮችን ስትጠይቅ ነበር የሰነበተችው። «የምን ሆቴል?» አለች። «የወርቅአገኘሁ ሆቴል ነዋ! ከትናንት ወዲያ ከመኪና ወርዶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ግራና ቀኝ ሳያይ ቀጥ ብሎ ሲገባ ያላየው ሰው የለም» አለችና እማዋይሽ ክብሪቷን ይዛ ሄደች። የመጣችበትን አድርሳለች።

በዚያ ጊዜ፣ በ1972 ዓመተ ምሕረት፣ ሰቆጣ ላይ ሆቴል የሚያድረው ሰው የሌለው ሰው ነበር። ወታደር፣ ሹፌር፣ የወባ መድኃኒት የሚነፋ፣ ከላይ ለስብሰባ የመጣ ጓድ። ዘመድ ያለው ሰው፣ ዘመዱ የአክስቱ ባል የወንድም ልጅም ቢሆን፣ አንኳኩቶ ይገባል እንጂ በገንዘቡ አልጋ አይገዛም። ከፃግብጂ ፍየል እየነዳ መጥቶ የመሸበት፣ አማርኛ እንኳ የማይሰማ ባላገር፣ ደጅ ቆሞ በኽምጣኛ «መሽቶብኝ ነው» ካለ መደብ ይነጠፍለታል፤ የማን ልጅ ነህ ተብሎ የሚጠየቀው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። እንግዲህ የእመት ዓሚኔ ልጅ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ድሆ ያደገ፣ እናቱ በሕይወት ተቀምጣ፣ እህቱ ሱቅ ከፍታ፣ አልጋ ተነጥፎለት፣ ፍየል ታርዶለት፣ ሄዶ ከክርስቲያን ሆቴል ተኛ። ሐሊሜ ሱቋን ዘጋችው። ገና በጠዋቱ ሱቅ መዝጋት ራሱ ወሬ እንደሆነ እያወቀች ዘጋችው። አዲስ አበባ ሰውን እንዲህ ታደርጋለች ማለት ነው አለች ለራሷ፤ ቢሮ ገብቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የእናቱ መደብ ይቆረቁረዋል ማለት ነው።

እናቷ ግቢ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ግንብ ሥር ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ አንድ ሻሽ ዘርግታ ታጥፈዋለች፤ አጥፋ ትጨርስና መልሳ ትዘረጋዋለች። ባለፈው ዒድ ኢድሪስ በሹፌር እጅ የላከው ሻሽ ነው፤ «ሰላሕ ነው የገዛልሽ በላት» ተብሎ የመጣ። ሰላሕ የመጨረሻው ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከኢድሪስ ዘንድ ሆኖ ይማር ነበር፤ አሁን ለመሠረተ ትምህርት ሩቅ አገር ተልኳል፣ መንገድ የማይገባበት ነው ተብሏል። ዓሚኔ ሻሹን አስራው አታውቅም። ከሣጥን ታወጣዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትመልሰዋለች። ሐሊሜ በሩን ገፍትራ ስትገባ ቀና ብላም አላየቻት። «ልጅሽ ሆቴል ነው ያደረው። ሰምተሻል?» አለቻት። «ሰምቻለሁ» አለች እናቷ። «ከማን ሰማሽ?» «ሰምቻለሁ አልኩሽ።» ሐሊሜ ወደ እልፍኙ ገባች፣ ወጣች። ለእንግዳው የተነጠፈው አልጋ እንደተነጠፈ ነው፤ ከሣጥን የወጣው አንሶላ የናፍታሊን ሽታው አልለቀቀውም፤ የፍየሉ ቋንጣ ከጣራው ሥር ተሰቅሏል። «ተናቅን እኮ እማ!» ብላ ጮኸች። «እማዋይሽ ሱቄ ድረስ መጥታ ሳቀችብኝ! ምን በደልነው? ከእኛ ቤት ምን ይጎድላል?»

ዓሚኔ ሻሹን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችና ግንቡን ተደግፋ ተነሳች። ጓዳ ገብታ አገልግሉን አወረደች። ሁለቱ እንጀራ እየጠቀለሉ ሲደረድሩ፣ የፍየሉን ወጥ በጎድጓዳ ሳህን ሲያስቀምጡ፣ ኮዳ ውሃ ሞልተው ከጎኑ ሲያደርጉ፣ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። የእናትና የልጅ ዝምታ ከጠብ ይከብዳል። ጠብ ቢሆን አንዷ ትናገራለች፣ አንዷ ትመልሳለች፣ ይወጣል፤ ይሄ ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ ከጭሱ ጋር ቀረ። ዓሚኔ የአገልግሉን ጠፍር በራሷ እጅ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ለልጇ አስታቀፈቻት። «ውሰጂለት» አለች። «ከበላ ይዘሽው ነይ። ካልበላ አትለምኚው።» ሐሊሜ ይህን የሰማችው እንደ ኩራት ነው። እውነቷን ነው፣ የምን ልመና፣ እኛም ሰው ነን ብላ ወጣች።

አገልግል ተሸክሞ በቀን ከተማ ማቋረጥ ግን በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። መንገደኛ አገልግል የሚይዘው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ረፋድ ላይ ስንቅ ተሸክማ የምትሄድ ሴት የምትሄደው ወደ እስር ቤት ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሐሊሜ ገና ከመስጊዱ ጥግ ስትደርስ አንዷ ከንፈሯን መጠጠችላት። ሌላዋ ደጅ እየጠረገች «አይዞሽ እቴ፣ ያልፋል» አለቻት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ ጥላቸውን ወደ ፀሐዩ ሳይሆን ወደ ሰዉ አዘንብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ማንን ወሰዱባችሁ?» አሏት። «ማንንም አልወሰዱብንም መሪጌታ፤ ሆቴል ለተቀመጠ ሰው ነው» አለች፣ ፊቷ እየነደደ። መሪጌታ አልገባቸውም። ለነገሩ ማን ይገባዋል፤ ለሆቴል እንግዳ ስንቅ ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። «ብቻ እግዚአብሔር ያስፈታው» ብለዋት አለፉ። ሐሊሜ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጥቷት ነበር። ሁለቱንም ትታ እርምጃዋን አፈጠነች።

የወርቅአገኘሁ ሆቴል ከነሱ ሰፈር በላይ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ነው። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ በረንዳው ላይ ወንበሮች የተደረደሩ፤ ስሙ በጣውላ ላይ ተጽፎ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። ሰውየው ደሴ ሆቴል ቤት ሲሠራ ኖሮ የመጣ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ደሴ ነው። የሚያጨሰው የደሴ ነው፣ የሚምለውም በደሴ ነው። አልጋ ሁለት ብር። «ደሴ ብትሄድ ይሄንኑ በአራት ብር አታገኘውም» ይላል ለሚሰማውም ለማይሰማውም። በረንዳው ላይ ከላይ የመጡ ጓዶች ዳማ ይጫወታሉ፤ አንዱ ካርቶን ላይ በተሰመረው ሰሌዳ ላይ የጠርሙስ ክዳን ሲያንቀሳቅስ ሌሎቹ ያያሉ። ሐሊሜ አንገቷን ደፍታ አልፋቸው ገባችና ወርቅአገኘሁን ባንኮኒው ኋላ አገኘችው። አገልግሉን ገና ሲያይ የመጣችበት ገባው። «የኢድሪስ እህት» አለ፤ «ወንድምሽ አስቀይሞኛል።»

«እንዴት አያ ወርቅአገኘሁ? ምን አደረገዎት?»

«አንድ ሌሊት አድሮ ወጣ። ያውም ወዴት ወጣ? ወደ ጥሩሐረግ! ወደ አህያ በረት!» አለ፣ መዳፉን ባንኮኒው ላይ እየጠፈጠፈ። «ሰው ከእኔ ቤት ወጥቶ ወደ ኮረም ይሄዳል፤ ወደ ጥሩሐረግ ሲሄድ ግን አይቼ አላውቅም። ነይ፣ ነይ እዪው፣ ምን እንደጎደለው ንገሪኝ» ብሎ ቁልፉን ይዞ ቀደማት።

ሐሊሜ መላ አካሏ ነደደ። ሆቴል ማደሩን ገና ሳትውጠው፣ ከሆቴልም ወርዶ ጠላ ቤት! መናቁ ካልቀረ ምናለ በደህናው ሆቴል ሆኖ ቢንቀን? እንዲህ ነው ያሰበችው፤ ንዴት ሲበዛ ሰው እንዲህ ያለውንም ያስባል። ወርቅአገኘሁ ክፍሉን ከፈተላት። እውነትም ደህና ክፍል ነው። የብረት አልጋ ከነሽቦው፣ ነጭ አንሶላ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ አበባ የተሳለበት መታጠቢያ ሳህን፣ ሳሙና ሳይቀር፣ ከአልጋው ሥር የላስቲክ ጫማ፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ አይጥ ሲሮጥበት ይረግባል እንጂ ንጹሕ ነው። ሰውየው ፍራሹን ገልብጦ አሳያት። «ትኋን አለ? ፈልጊ! ምግብ እንደሆን ሥጋችንን እንደማይበላ አውቃለሁ፤ እንቁላል ላሠራልህ ብለው ዳቦና ሻይ ይበቃኛል ነው ያለኝ።» ይህን ሲናገር ከቀጣዩ ክፍል አንዱ ጓድ አዛጋ፤ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ወረቀት የተለጠፈበት ጣውላ ስለሆነ እዚሁ አጠገባቸው ቆሞ ያዛጋ ነው የመሰለው። ወርቅአገኘሁ ድምፁን ቀነሰ። ሐሊሜ ወደ መስኮቱ ሄደችና ከፈተችው። ከታች የገዛ ግቢያቸው ወለል ብሎ ይታያል። ግንቡ፣ በሩ፣ እናቷ የተቀመጠችበት ድንጋይ። እናቷ ራሷ ሳትቀር፤ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ከዚህ ሆኖ አያት ማለት ነው፤ እናቱን እያየ፣ በሳሙናው ታጥቦ፣ እግሩን ዘርግቶ ተኛ! ሐሊሜ መስኮቱን ወርውራ ዘጋችው፤ መስታወቱ ባለመሰበሩ ወርቅአገኘሁ አማተበ። «ብቻ እባክሽ» አላት እየሸኛት፤ «ምን ጎድሎበት እንደወጣ ጠይቂልኝ። እኔም ሰው ነኝ፤ ይቆጨኛል።»

የጥሩሐረግ ቤት ከገበያው ኋላ ነው። ሰሌዳ የለውም። በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተሰቀለ ጣሳ አለ፤ ጠላ እንዳለ የሚናገረው እሱ ነው፤ አልጋ እንዳለ ደግሞ ከደሃና ወረዳ ለገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። ገብስ ጭነው የመጡ አህዮች ግቢውን ሞልተውታል፤ ፋንድያው፣ ዝንቡ፣ የጠላው አተላ ሽታ። መደብ ላይ በአጎዛ የሚያድር ሃያ አምስት ሳንቲም፣ የገለባ ፍራሽ የፈለገ ሃምሳ፤ ትኋኑ ግን ለሁለቱም እኩል ነው፣ ዋጋ አይለይም። ውሃ ከጋን በጣሳ ይቀዳል፤ ፊትም በሱ ነው፣ እግርም በሱ ነው። ሐሊሜ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በአህዮቹ መካከል ስታልፍ እስላም መሆኗን ያዩ ሁለት ገበሬዎች ከጠላ ጣሳቸው ላይ ቀና ብለው ተያዩ። የሐጂ ዘር የሚባል ቤት ልጅ እዚህ ነው ያለው። ጥሩሐረግ ከጓዳ ወጣች፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ዛሬ ግን አልሳቀችም። ከጥግ ያለውን በር በአገጯ አሳየቻትና «መስኮት ያለው ክፍል አለ፣ እሱን ልስጥህ ብለው እምቢ አለኝ» አለች። «መስኮት የሌለውን ነው የምፈልገው አለ። ቀስ ብለሽ ግቢ እቴ።» ሐሊሜ ግን ቀስ የምትልበት ሆድ አልነበራትም። በሩን በእግሯ ነው የከፈተችው።

ውስጡ ጨለማ ነው። ቀትር ሊሆን ምንም ያህል ሳይቀረው፣ ኩራዝ በርቷል። ኢድሪስ ከነኮቱ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ተነሳ። «እታለም» አለ። ከሷ በአራት ዓመት ያንሳል፤ ጠጉሩ ግን ሸብቷል። ይህን ባየች ጊዜ አንድ አፍታ ልቧ ራራ፤ ወዲያው ግን ክብሪቷን ይዛ የቆመችው እማዋይሽ ታወሰቻት። አገልግሉን መሬት ላይ አኖረችውና ጀመረች። «እታለም አትበለኝ! እህት ያለው ሰው እዚህ አይተኛም! አገሩን ሁሉ አሳቅህብን። ‹ማን ታሰረባችሁ› እየተባልኩ ነው የመጣሁት፤ ምናለ ታስረህ በነበር! ለታሰረ ስንቅ ማድረስ ወግ ነው። እናትህ አልጋ አንጥፋ፣ ፍየል አርዳ፣ በር በሩን እያየች፣ አንተ እላይ መስኮት ላይ ቆመህ ታያታለህ? ምን ሆንክ? ሚስትህ ከለከለችህ? ጓዶቹ የነጋዴ ልጅ ይሉኛል ብለህ ነው? ተናገር እንጂ! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ሰላሕ ቢሆን ይሄን አያደርገውም ነበር! ሰላሕ ከሩቅ አገር ሆኖ ሻሽ ይልክላታል፤ አንተ ደጇ መጥተህ…» ትንፋሽ አጠራት።

ኢድሪስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አገልግሉን ነበር የሚያየው። ይሄ የባሰ አናደዳት። ቁጭ ብላ ጠፍሩን ፈታችው፤ ወጡ ገና ትኩስ ነው፤ ክፍሉ በአንድ ጊዜ የእናታቸው ጓዳ ሸተተ። «ና ብላ» አለችው። «አልችልም» አለ። «ዳቦና ሻይ ስትበላ ሰንብተህ አልችልም? በገዛ እጇ ነው የሠራችው። ና!» አትለምኚው ተብላ ነበር፤ ረሳችው። እንጀራውን ቆርሳ፣ ሥጋ ጠቅልላበት፣ ተነስታ ወደ አፉ አስጠጋችለት፤ ፊቱን አዞረ። ተከተለችው፤ እንደገና አዞረ። አፉ ተገጥሟል። ልጅ ሆኖ መድኃኒት አልጠጣም ሲል እንዲህ ያደርግ ነበር። «እሺ እህሉን ተወው» አለች፣ ድምፅዋ ሳታውቀው ዝቅ ብሎ። «ውሃ ጠጣ። ከቤት የመጣ ውሃ ነው።» ኮዳውን ከፍታ ዘረጋችለት። ኢድሪስ ኮዳውን አየው፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

ሐሊሜ ወደ ኋላው የሄደውን እጁን አየች። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጊዜ አይታለች። እሷ ውሃ የምትቀዳ ልጅ፣ ኢድሪስ ጭራ ጭራዋን የሚከተላት፣ ሰላሕ ጡት የሚጠባ በነበረበት ጊዜ አባታቸው ለንግድ ወደ ዋግ ቆላ፣ ወደ ዝቋላ ወርዶ ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው ከዝቋላ መጣ፤ አቧራ የለበሰ፣ ላብ ያጠመቀው። ግባ ቢሉት አልገባ፣ ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥ አለ። እናታቸው በቅል ውሃ ብትሰጠው እጁን ወደ ኋላው አደረገ። መርዶ የያዘ ሰው መርዶውን ሳያደርስ ከሟች ቤት እህል ውሃ አይቀምስም፣ ከጣራውም ሥር አያድርም፤ ይህን የማያውቅ ሰው በዋግ ምድር የለም። ዓሚኔ ያን ጊዜ አንድ ቃል አልጠየቀችም። ቅሉን መሬት ላይ ለቀቀችውና ደረቷን መታች። ሐሊሜ አሁን ኮዳውን አልለቀቀችውም። ቀስ ብላ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። «ሰላሕ ነው?» አለች።

ኢድሪስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለ። «ከቤት ጠርተው ወሰዱት። ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል አሉኝ። ነጠላ ጫማውን እንደተጫማ ነው የሄደ። ሌሊቱን ተኩስ ሰማን፤ ጠዋት መንገድ ዳር ነው ያገኘሁት። ሬሳውን አልሰጡኝም። ቀበሌ ጠሩኝና ልቅሶ የተቀመጠ የፀረ አብዮተኛ ግብረ አበር ነው አሉኝ።» ግድግዳውን ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «በማግሥቱ ቢሮ ገባሁ እታለም። ሻይ አመጡልኝ፣ ጠጣሁት። ሰዎች ሲስቁ እኔም ሳቅሁ።» ሐሊሜ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን ጩኸት ሳይሆን ሻሹ ነው፤ ከሣጥን የሚወጣው፣ የሚሸተተው። «ሻሹስ?» አለች። «እኔ ነኝ የገዛሁት» አለ። ሐሊሜ ተንበርክካ ደረቱን በጡጫ መታችው። ደጋግማ መታችው፤ እሱም አልተከላከለም። ሁለት ዓመት እናቷ ለሞተ ልጅ ዱዓ ስታደርግ፣ መንገድ ያቅናልህ ስትል፣ ልጅ ይስጥህ ስትል። ማንን ትምታ? ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ ጠርተው የወሰዱት እዚህ የሉም። ያለው እሱ ነው። ክንዷ ሲዝል ራሱን አቀፈችው፤ ያ ሸበቶ ራስ ጭኗ ላይ ሆኖ ድምፅ ሳያሰማ ተንሰፈሰፈ። ድምፅ ሳያወጡ ማልቀስን ተምሯል። ይሄን ነው እዚያ ያስተማሩት አለች በልቧ፤ ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ይሄ ነው። «ልነግራት ነው የመጣሁ» አለ እንደተደፋ። «ሥራ አስመስዬ፣ ለምኜ ነው የመጣሁ። እዚያ ሆቴል ስገባ መስኮቱን ብከፍት እሷ ናት። ዘጋሁት። ሌሊት ልቅሶው ሲመጣብኝ ከጣውላው ወዲያ ጓዶቹ አሉ፤ ትራሱን ነከስኩ። ከዚያ ወደዚህ መጣሁ። እዚህ አህያ ሲጮህ ሰው አይሰማም።»

ሐሊሜ አገልግሉን መልሳ አሰረችው። «ተነስ» አለችው። «ተከተለኝ። ግን ቀድመኸኝ እንዳትገባ።» ሲወጡ ጥሩሐረግ ከበሩ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር፤ ገበሬዎቹን ወደ ውጭ አስወጥታቸዋለች። ኢድሪስ ከኪሱ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘችው። «ተው፣ ለዚህ አይከፈልም» አለች። «ሌሊት ሰምቼሃለሁ ልጄ። የእንግዳዬን አልሰማም ብዬ ተከናንቤ ነው ያደርኩት። አላህ ያጽናችሁ።» የማርያም ማተብ ያሰረች ሴት ናት፤ «አላህ» ያለችው ለነሱ ብላ ነው።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በወርቅአገኘሁ ሆቴል ሥር ያልፋል። ሐሊሜ ከፊት፣ ያልተነካው አገልግል እቅፏ ውስጥ፤ ኢድሪስ ሻንጣውን ይዞ ራቅ ብሎ ከኋላ። ጓዶቹ ዳማውን አልጨረሱም። ወርቅአገኘሁ ከበረንዳው ላይ ሆኖ አያት። «እህ፣ የኢድሪስ እህት! ጠየቅሽልኝ? ምን ጎድሎበት ኖሯል?» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ሆቴሉ ነው ያስጨነቀው። ማለፍ ትችል ነበር። ምንም ብላ፣ ሳቅ ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ሰው ሁሉ ሁለት ሦስት ዓመቱን በሳቅ እያለፈ አይደል የኖረው? ሐሊሜ ቆመች። «አልጋዎ ደህና ነው አያ ወርቅአገኘሁ» አለች፣ ከመንገዱ ማዶ እስኪሰማ ድረስ። «ሳሙናዎም ደህና ነው። ደሴም እንዲህ ያለ የለም። ግን ሰው አያለቅስበትም። ሁለት ብር ከፍሎ ወንድሙን ማልቀስ ያልቻለ ሰው፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ ከአህያ ጋር ቢያለቅስ ይሻለዋል!» በረንዳው ላይ የጠርሙስ ክዳኑን ያነሳው ጓድ እጁን አየር ላይ እንዳደረገ ቀረ። ወርቅአገኘሁ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወደ ጓዶቹ አየና ወደ ውስጥ ገባ። ሐሊሜ መንገዷን ቀጠለች። አፏ እስከዛሬ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

ዓሚኔ እዚያው በሩ ላይ ቆማለች። ልጇ ስትመጣ ፊቷን አላየችም፤ ያየችው አገልግሉን ነው። እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት፤ እንደ ሕፃን ከፍ ዝቅ አድርጋ ክብደቱን አየችው። ስትሰጣት እንደነበረው ነው። ሐሊሜ ልትናገር ስትል «ተይ» አለቻት። «ከትናንት ወዲያ ማታ ከላይ መስኮት ላይ አይቼዋለሁ። ሲዘጋው አየሁት። ልጄ ደጄ ደርሶ የማይገባው ለምን እንደሆነ አጥቼው ነው? እርግጡን ልወቅ ብዬ ነው ምግቡን የላክሁት።» ሻሹን ከጡቷ ሥር አወጣችና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ላይ አሰረችው። «ማንኛው ብዬ አልጠይቅሽም። ወንድ ልጅ ሁለት ነበረኝ፤ አንዱ ሆቴል ነው።»

ሐሊሜ የግቢውን በር ልትዘጋ እጇን ሰደደች። የቀበሌ ጥበቃዎች ታስበዋት ነበር፤ እላይ በረንዳው ላይ የተናገረችው ታስቧት ነበር። «ምን ልታደርጊ ነው?» አለቻት እናቷ። «ልዝጋው እማ፤ ይሰማሉ።» «ክፈቺው!» አለች ዓሚኔ፤ ያን ሁሉ ጠዋት ዝም ያለው ድምፅ አሁን ወጣ። «ወለል አድርገሽ ክፈቺው። አባቱን በአደባባይ ነው ያለቀስሁት፤ እሱንም በጓዳ አላለቅሰው! የሚከለክለኝ ካለ ይምጣ፤ ልጄን የት እንደጣለው ይንገረኝና ይከልክለኝ!» ከዚያ ከበሩ ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ ሻንጣውን ይዞ ወደቆመው ልጇ ዞረች። «ና» አለችው። «መርዶህን አድርሰሃል፤ ከእንግዲህ ቤትህ ነው።» ኢድሪስ ደፉን ተሻግሮ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዛ አቆመችው። አገልግሉን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ፈታች፤ እንጀራ ቆረሰች፣ ሥጋ ጠቀለለችበት፣ አፉ ድረስ አደረሰችለት። አላዞረም።

እስኪውጥ ጠበቀችው። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።